ከነቴዛ ወይስ ያለ ቴዛ? ወላጅና ልጅ አብረው ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ

የዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ ጊዜ ሲደርስ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ልጅ «ታሪክ ልቀጥል»፣ «ሥነ ጽሑፍ ልማር» ሲል፣ ወላጅ ደግሞ «እሱ ምን እንጀራ ይሆናል?» ይላል። በወላጅ አይፈረድም። እስከ ሱዳን በእግሩ ተጉዞ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጥቶ፣ በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ትምህርትን በሚያስገኘው ደመወዝ ቢመዝን አያስገርምም። እኛ ግን ክርክሩ ቦታውን ስቷል እንላለን። «ይማር ወይስ አይማር?» ከማለት ይልቅ «በየትኛው መስመር ይማር? መስመሩስ የት ያደርሰዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

እንደሚታወቀው በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች «ማዳዔ ሃሩዋሕ» በሚባለው ዘርፍ፣ ማለትም በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በፍልስፍናና በታናኽ ትምህርት፣ ሁለተኛ ዲግሪ («ቶአር ሼኒ») አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከነቴዛ ነው፤ ተማሪው ከኮርሶቹ ጎን በአንድ መምህር መሪነት የራሱን ምርምር አካሂዶ ይጽፋል። ሁለተኛው ያለ ቴዛ ነው፤ ተማሪው ብዙ ኮርሶች ይወስዳል፣ የሴሚናር ሥራዎች ይጽፋል፣ በብዙ ክፍሎችም የማጠቃለያ ፈተና ይቀመጣል። ሁለቱም የታወቁ ዲግሪዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ዶክትሬት በቀጥታ የሚወስደው የመጀመሪያው መስመር ነው። ያለ ቴዛ የጨረሰ ሰው ኋላ ዶክትሬት ቢፈልግ በቅድሚያ «ሃሽላማት ቴዛ» የሚባለውን፣ ማለትም ከቴዛ ጋር የሚመጣጠን የምርምር ሥራ፣ መጻፍ ይኖርበታል።

አንዳንድ ሰዎች ያለ ቴዛ የሚገኘውን ዲግሪ እንደ ግማሽ ትምህርት ያዩታል። ይህ አመለካከት ትክክል አይመስለንም። ቀን የምታስተምር፣ ማታ ልጆቿን የምታስተኛ እናት ለሁለት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም። ብዙ ክፍሎች ኮርሶቻቸውን በሳምንት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሰበስባሉ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲም («ሃዩኒቨርሲታ ሃፕቱኻ») በባህል ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ትምህርቱም ከሩቅ ላለና ለሠራተኛ ሰው ይመቻል። ለመምህር ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር የታወቀ ሁለተኛ ዲግሪ የደመወዝ ጭማሪ አለው። ስለዚህ «ምን እንጀራ ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነው። ሌላም አለ። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለሕመምተኛው እንዲያመቻቹ አዟል። በሆስፒታል የእናቱን ሕመም ለሐኪም ሲያስተረጉም ያደገ ልጅ፣ ያንን ሸክም ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ በሚሰጠው የትርጉምና የአስተርጓሚነት ትምህርት ወደ ሙያ ሊለውጠው ይችላል።

ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ከመመዝገብ መጠየቅ ይቅደም። መንግሥት በሚደግፋቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ ክፍያ በዓመት ከ14 ሺህ ሰቅል በላይ ነው። ለሥራ አስኪያጆች ተብለው የሚከፈቱ ልዩ ፕሮግራሞች ግን ከዚህ እጅግ ሊበልጡ ይችላሉ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በሌላ ትምህርት የሠራ ሰው «ሃሽላሞት» የሚባሉ ተጨማሪ ኮርሶች ሊታዘዙበት ይችላሉ፤ እነዚህም ጊዜና ገንዘብ ይበላሉ። ለአዲስ መጪዎች በ«ሚንሃል ሃስቱደንቲም» በኩል የሚሰጠው ድጋፍ የዕድሜና የጊዜ ገደብ ስላለው አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ኋላ ሐሳቤን ብለውጥ ወደ ቴዛ መስመር መሻገር እችላለሁ ወይ? በስንት ነጥብ? እስከ መቼ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው። ወጣቶቻችን ዶክትሬት እንደተዘጋባቸው የሚያውቁት ዲግሪውን ከያዙ በኋላ መሆን የለበትም።

ይህን አጥብቀን የምንለው ጉዳዩ የግለሰብ ብቻ ስላልሆነ ነው። ኢየሩሳሌም በሚገኘው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ለብዙ ዓመታት ተጠንቷል። ፕሮፌሰር ጌዴዎን ጎልደንበርግና ፕሮፌሰር ኦልጋ ካፔሊዩክ ስለ ቋንቋችን ሰዋስው ጽፈዋል፣ ፕሮፌሰር ስቲቨን ካፕላንም እ.ኤ.አ. በ1992 የቤተ እስራኤልን ታሪክ በመጽሐፍ አውጥተዋል። ሥራቸውን እናከብራለን። ይሁን እንጂ አማርኛና ትግርኛ በእናቱ ጭን የሰማ፣ የቄሶችን ጸሎት በሰግድ ቀን ቆሞ ያዳመጠ ልጅ እነዚያን መጻሕፍት ሲያነብ ሌላ ሰው ያላየውን ያያል። የፋይትሎቪች የመጻሕፍት ስብስብ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ በውስጡም የግዕዝ ጽሑፎች አሉ። ግዕዙን የሚያውቁት አባቶች በዕድሜ እየገፉ ነው። አንድ ቄስ ባለፈ ቁጥር ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ አብሮት ይሄዳል። መጽሐፍ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሽማግሌ ግን አይጠብቅም።

ወላጆቻችን የቀድሞዎቹንም ያስታውሱ። ታምራት አማኑኤል በወጣትነታቸው ወደ አውሮፓ ሄደው ተምረው በአዲስ አበባ የአይሁድ ትምህርት ቤት መሩ። ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው ለወገናቸው መምህርና አፈ ጉባኤ ሆኑ። ሁለቱም ቋንቋና ሃይማኖት ተምረዋል። ያ ትምህርት ለሕዝብ እንጀራ አልሆነም የሚል ማን ነው?

እንግዲህ አስተያየታችን ይህ ነው። ሥራና ቤተሰብ የያዘ ሰው ያለ ቴዛ ይማር፤ ማንም አያሳፍረው። ጊዜውና ነጥቡ ያለው ወጣት ግን የቴዛውን መንገድ ይያዝ፣ ወላጅም ሁለት ዓመት ይታገሠው። ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዱ መስመር የት እንደሚያደርስ በቀላል ዕብራይስጥና በአማርኛ ይጻፉ። ሚልጋ የሚሰጡ ድርጅቶችም እርዳታቸውን በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ አያቁሙ። ሰግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገሪቱ ሁሉ በዓል ሆኗል። በየትምህርት ቤቱ በዓሉን የሚያስረዱ መምህራን ያስፈልጋሉ፤ ለእነሱም መጽሐፍ የሚጽፍ ያስፈልጋል። ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ዘንድሮ «ታሪክ ልማር» ካለ «ምን እንጀራ ይሆናል?» ከማለታችሁ በፊት «ከነቴዛ ነው ያለ ቴዛ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ አብራችሁት ሄዳችሁ ጠይቁ።