ቧንቧ ከመግዛት በፊት ውሃውን መለካት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ምንጭ በቧንቧ ለመሳብ ሲታሰብ በቧንቧ ዋጋ መጀመር፣ በእኛ አስተያየት፣ ስሕተት ነው። መቅደም ያለበት የውሃው ልክ ነው።

በመስከረም የሚንፎለፎል ምንጭ አያታልል፤ የሚለካው በበጋው መጨረሻ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጥል ነው። በልግ ከቀረም ክረምት ሊገባ ሲል ይደገም። ውሃው በሙሉ በአንድ አሸንዳ እንዲወርድ ተደርጎ 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን በ40 ሴኮንድ ከሞላ፣ ፍሰቱ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፣ በሰዓት 1,800 ሊትር ነው። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ።

ለቁጠባ ሲባል ቀጭን ቧንቧ መግዛትም ኪሳራ ነው። የውስጥ ወርዱ በግማሽ ሲቀንስ የውሃው መተላለፊያ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱና ርዝመቱ ሳይለወጥ እንኳ በሰበቃ ምክንያት ፍሰቱ ከሩብም ያንሳል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከአባላቱ ጋር ሆኖ ይለካ፤ ውጤቱም በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር። ያልተለካ ውሃ የላዩንና የታቹን መንደር ያጣላል።