«አልቻልኩም» ያለው ማንን ነው?
ውቤ በረሃ ውስጥ በማዘወትራት ቡና ቤት የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» በተከፈተ ቁጥር ሁለት አዛውንት ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው የፍቅር ዘፈን ነው ባይ ናቸው፤ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ሲጠየቁ ግን ሲኒያቸውን ያነሳሉ። ሌላኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌባ ጣታቸውን ወደ ቤተ መንግሥቱ ይቀስራሉ። ንጉሡ ከወረዱ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም ያቺ ዝቅ ማለት አልቀረችም! ማስረጃቸው እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ጥላሁን የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ሰው ነበር፤ የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት የመሩትም የዚያው የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው፤ ከግርግሩ በኋላ ዘፋኙም ታስሯል። እኔ ግን ከጣቱ ይልቅ የዘፋኙን ጉሮሮ አምናለሁ። እንዲያ ተስፋ የቆረጠ ድምፅ ለመንግሥት አይባክንም፤ የተጎዳው ልቡ ነው። ፖለቲካውን የጨመረበት አድማጩ ይመስለኛል፤ አፍ ሲዘጋበት የሰው ዘፈን ተውሶ ብሶቱን የተነፈሰ አድማጭ። ጥሩ ዘፈን ደግሞ ለእንዲህ ያለው ተበዳሪ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል። የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» ግን በ1997 ሲወጣ ፖለቲካውን ፊት ለፊት ስለተናገረ ለጣት የተረፈው ሥራ ጥቂት ነበር፤ እዚያች ቡና ቤት ሲከፈት ሰው አብሮ ይዘፍናል እንጂ ማንም አይጨቃጨቅበትም።