በዲላ ከተማ በአንድ ቤት ስለሚታየው የጃፓንና የኮሪያ ፊልም

ባለፈው ጊዜ በዚህ ገጽ ልጆች ማታ ማታ ሊያጠኑበት ስለሚገባው ሰዓት ጥቂት ቃል ጽፌ ነበር። ያንን ያነበበ አንድ የሥራ ባልንጀራዬ በማግሥቱ በመንገድ አግኝቶኝ፥ «አንተ ስለ ጥናት ትጽፋለህ፤ በእኔ ቤት ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሚጠናው የኮሪያ ነገሥታት ታሪክ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ እንጂ የእኔ ቤት ከእርሱ ቤት እንደማይሻል አልነገርሁትም። ዛሬ ግን የዝምታዬን ዕዳ ለመክፈል ያህል፥ በዚሁ ነገር የታየኝን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ከተማ መሆንዋን የማያውቅ የለም። የጌዴኦ ሰው እንሰቱን፥ ቡናውንና ትልልቁን ዛፍ በአንድ ማሳ አዋሕዶ የሚኖርበት አገር በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን በዚያው ጥላ ሥር ባሉት ቤቶች ጣራ ላይ የሳተላይት ሳሕን ተተክሎ ይታያል፤ ሳሕን የሌለውም ወጣት በእጅ ስልኩ የሩቅ ምሥራቅን ታሪክ ያስመጣል። አያቶቻችን በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለውት ነበር። እኛ ያንኑ በራስጌአችን አኑረን እንተኛለን።

እኔ ይህን ነገር በበጎ ዓይን አላየሁትም ነበር። ያሳደጉኝ የቄስ ትምህርት ቤትና የሚሲዮን ትምህርት ቤት በብዙ ነገር ባይስማሙም፥ ጨዋታን በመጠርጠር አንድ ነበሩ። ስለዚህ ልጄ የኮሪያን ተከታታይ ድራማ ስታይ ባገኘኋት ቁጥር እቈጣ ነበር፤ ከዚያም እየተቈጣሁ ቆሜ እመለከት ነበር፤ በመጨረሻ ተቀመጥሁ።

ተቀምጬ ካየሁ በኋላ መጀመሪያ የመሰከርሁት ነቀፋ ነው። በብዙዎቹ ታሪክ ውስጥ አንዲት ባለጠጋ እናት አለች፤ ልጅዋ የድኻ ልጅ በወደደ ጊዜ ልጅቱን ወደ ቡና ቤት ታስጠራና በወረቀት የታሸገ ገንዘብ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ «ልጄን ተዪው» ትላለች። ልጅቱ እንቢ ያለች እንደሆነ የብርጭቆውን ውሃ በፊትዋ ትረጭባታለች። ይህ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከሁለቱ ፍቅረኞች አንዱ በመኪና ተገጭቶ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። እኔ በፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ያህል መዝገብ ስጽፍ፥ በመኪና ተገጭቶ ስሙን የረሳ ባለጉዳይ አንድም አላጋጠመኝም፤ ዕዳውን የረሳ ግን ብዙ ነው። አማት ሁሉ ክፉ፥ ምራት ሁሉ የዋህ የሆነችበት ታሪክ ለወጣቶቻችን የሚያስተምረው ከባልዋ እናት ጋር ገና ሳይተዋወቁ መጣላትን ብቻ ይመስለኛል።

ከእነዚህ መካከል የተለዩም አሉ። «መልስ ስጭኝ 1988» የተባለው ድራማ በሴኡል ከተማ በአንድ መንደር በዚያ ዘመን የኖሩትን ጎረቤታሞች ያሳያል። አንዲቱ እናት ወጥ በሠራች ጊዜ ልጅዋን በሳሕን አስይዛ ወደ ጎረቤት ትልካለች፤ ጎረቤትም ሳሕኑን ባዶውን አትመልስም፥ የራስዋን ወጥ አድርጋ ትልካለች፤ እንዲህ ሲሆን የመንደሩ ልጆች ሁሉ ሳሕን ይዘው በመንገድ ይተላለፋሉ። ይህን ያየ የእኛ አገር ሰው ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል።

በቤታችን የነገሠው ግን «ዴ ጃንግ ገም» የተባለው ነው። ይህ ድራማ በኮሪያ ቴሌቪዥን ከ2003 እስከ 2004 በአውሮፓ አቆጣጠር በ54 ክፍል የታየ ሲሆን፥ ጃንግ ገም የተባለች ወላጆችዋን ያጣች ልጅ በንጉሡ ወጥ ቤት በሠራተኛነት ገብታ፥ በኋላም በግፍ ተግዛ፥ ሕክምና ተምራ የንጉሡ ሐኪም እስክትሆን ድረስ የደረሰባትን ይተርካል። የንጉሥ ጁንግጆንግን ዘመን በሚተርከው ዜና መዋዕል ውስጥ ጃንግ ገም የምትባል ሴት ሐኪም ተጠቅሳለች፤ የቀረውን ደራሲዎቹ ጨምረውታል። የግብር ቤትን፥ የወጥ ቤትንና የጠጅ ቤትን ሥርዐት ከአባቶቹ የሰማ አንባቢ፥ እያንዳንዱ ምግብ እንዴት ተቀምሶ ለንጉሥ እንደሚቀርብ፥ የወጥ ቤቱ ወይዛዝርትም ለማዕረግ እንዴት እንደሚፎካከሩ ሲያይ ደስ ይለዋል።

ይህን ድራማ ልጄ የምታየው ከእናቴ ጋር ነበር። እናቴ ባለፈው ክረምት ከቡሌ ደጋ ወርዳ በቤታችን ተቀምጣ ነበር፤ የመጣችው ሁለቱን ዓይኖችዋን ሞራ ስለ ጋረዳቸው ለመታከም ነው። ቀኝ ዓይንዋ ታክሞ ለግራው ቀጠሮ ተሰጣት። መሸፈኛው ከዓይንዋ ላይ በተነሣ ጊዜ መጀመሪያ ያየችው የልጅ ልጅዋን ፊት ነው፤ ቀጥሎም የኮሪያን ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት። እናቴ የምትናገረው ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፤ የኮሪያን ቋንቋና ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ግን ከየት ታመጣዋለች? ነገር ግን በሶንጎ የሚቀመጥ ሽማግሌ ልጅ ስለሆነች፥ ሰው ሲናገር ከቃሉ ይልቅ እጁን ታያለች። ጃንግ ገም ለታላቅዋ ዕቃ በሁለት እጅዋ ስትሰጥ አይታ «ይህች ያደገች ናት» አለች። ታናሹ በታላቁ ፊት ሲጠጣ ፊቱን ዞር ማድረጉንም ወደደችው። አንዲቱን ወይዘሮ ግን ገና በታየችበት ምሽት «ይህች ትዋሻለች» ብላ ነበር፤ ውሸቱ የተገለጠው ከብዙ ክፍል በኋላ ነው። ልጄም ከዚያ ወዲህ አያትዋን ሳትጠይቅ ማንንም አታምንም ነበር።

እናቴ የግራ ዓይንዋ ቀጠሮ ሳይደርስ ወደ ቡሌ ተመለሰች። ፍልፈል እንሰቴን ሥር ሥሩን እየበላ ይጨርስብኛል አለች። ፍልፈል እንሰትን ማጥፋቱ እውነት ስለሆነ እኔም ሳልመረምር አመንኋት፤ መኪናም ተከራይቼ ሸኘኋት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ወዳጄ መምህር «ድራማውን ካየህ አይቀር የጃፓኖችን የጥንት ፊልም ተመልከት» ብሎ ጥቂቶቹን አመጣልኝ። ከጃፓን ጋር ያለን ትውውቅ የቆየ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ያን አገር ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የ1923ቱም ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት ሆኖ ነበር። ያ ትውልድ ወደ ጃፓን ያየው ስለ ጦርዋ፥ ስለ ትምህርትዋና ስለ ፋብሪካዋ ነው። በቤትዋ ውስጥ ልጅ እናቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ግን የሚያሳየው ፊልሙ ነው።

ከተሰጡኝ ፊልሞች የመጀመሪያው በአኪራ ኩሮሳዋ የተሠራው «ራሾሞን» ነው፤ በ1950 ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት በቬኒስ ከተማ የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ። በጫካ ውስጥ አንድ ባላባት ሞቶ ተገኘ፤ ሽፍታው፥ የሟቹ ሚስት፥ በጠንቋይ አፍ የተጠራው ሟች ራሱና እንጨት ቈራጩ አራቱም ያንኑ ነገር ለየብቻው ይመሰክራሉ። ምስክሮቹ ሲናገሩ ዳኛው አይታይም፥ ድምፁም አይሰማም፤ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ስለሚያዞሩ በዳኛው ወንበር የተቀመጠው ተመልካቹ ነው። እኔ በሥራዬ ይህን በየቀኑ ስለምሰማ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ያስደነቀኝ ሌላ ነው፤ ሽፍታው እንኳ ግድያውን አልካደም፤ እያንዳንዱ የሚያስተካክለው በታሪኩ ውስጥ የራሱን መልክ ነው። እንዲህ ያለው ቃል በመዝገብ ሲሰፍር ከፍጹም ውሸት ይልቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛው የያሱጂሮ ኦዙ «የቶክዮ ታሪክ» ነው፤ የወጣው በ1953 ነው። ጦር የለበትም፥ ንጉሥ የለበትም፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ኦኖሚቺ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተነሥተው በባቡር ወደ ዋናው ከተማ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ታላቁ ልጅ ሐኪም ነው፤ ሴቲቱ ልጅ ሺጌ የጠጉር ሥራ ቤት አላት። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት የነበረችው ኖሪኮ ግን ከመሥሪያ ቤትዋ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን አዙራ ታሳያቸዋለች፤ በጠባብ ክፍልዋም አሮጊቷን ታሳድራለች። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን ወደ ፍል ውሃ ሰደዱአቸው፤ እዚያም የሌሊቱ ጩኸት አላስተኛ ቢላቸው ቶሎ ተመለሱ፤ ቶሎ በመመለሳቸውም ሺጌ ተከፋች። እናቲቱ ወደ አገርዋ ስትመለስ ታማ ሞተች።

የኦዙ የሥዕል መሣሪያ የተተከለው በምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ነው፤ በእኛ አገር በጅባ ላይ የተቀመጠች እናት ቤቱን እንደምታየው ማለት ነው። መጀመሪያ ይህ ነገር ፊልሙን አዘገየብኝ፤ ልጄም ሁለት ጊዜ አንቀላፋች። በኋላ ግን የልጆቹን መቻኰል የሚያሳይ እርሱ መሆኑ ገባኝ፤ እነርሱ ይቆማሉ፥ ይወጣሉ፥ ይገባሉ፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ተቀመጡ ናቸው። ይህ ፊልም በወጣበት ዓመት በኮሪያ የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ከ1951 ጀምሮ በዚያ ከተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከመቶ የሚበልጡት አልተመለሱም። ስለዚህ ኖሪኮን የሚመስሉ፥ የባላቸውን ሥዕል በግድግዳ ሰቅለው አማታቸውን የጦሩ ሴቶች በእኛም አገር እንደ ነበሩ አሰብሁ።

ነገር ግን እኔን ያስቆመኝ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። ወላጆቹ በሺጌ ቤት ሳሉ አንዲት ደንበኛ መጥታ እነማን እንደሆኑ ጠየቀቻት፤ እርስዋም ከገጠር የመጡ የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው አለቻት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል፤ ማንም አይቈጣም፥ ማንም አያለቅስም።

እኔ ፊልሙን አቆምሁት። እናቴ በቤታችን በነበረችበት ሰሞን አንድ ቀን ማታ ከሥራ አለቆቼ አንዱ በእንግድነት መጥተው ነበር። እናቴ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች፤ በላይዋ ያደረገችው የሥራ ልብስዋን ነበር። እንግዳው ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እኚህ እናት ማን ናቸው?» አሉኝ። እኔም «ከገጠር የመጡ ናቸው» አልሁ። ሐሰት አልተናገርሁም፤ እናቴ በእውነት ከገጠር የመጣች ናት። በችሎት ቢሆን ይህን ቃል ማንም አይሰርዘውም። ደግሞም እናቴን በአማርኛ ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ» ስል የኖርሁ ሰው፥ ያን ቀን «የመጡ ናቸው» ብዬ አንቱታ ጨመርሁላት። ለሰሚው አክብሮት ይመስላል። እናቴ ቆጮውን በጠረጴዛው ላይ አኑራ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች፤ እራትዋንም በዚያው በላች። ስለ ፍልፈሉ የተናገረችው በሦስተኛው ቀን ነው።

ፊልሙን ጨርሼ ያየሁት በማግሥቱ ነው። ሺጌ እናትዋ ስትታመም የኀዘን ልብስዋን ጨምራ ይዛ መሄድዋ፥ ከቀብርም በኋላ የእናትዋን ልብስ ለማስታወሻ መጠየቅዋ ብዙ ሰው የሚነቅፋት ነው። እኔ ግን ልፈርድባት አልቻልሁም፤ ፊልሙም አይፈርድባትም። ኖሪኮም ራስዋ፥ ልጆች ካደጉ በኋላ የየራሳቸው ኑሮ ይይዛቸዋል ብላ ለትንሽዋ እኅት ታስረዳታለች። ይህ እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑም አላጽናናኝም።

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ወደ ቡሌ ወጣሁ። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ቡናው እየቀረ እንሰቱና ገብሱ እየበዛ ይሄዳል። እናቴን በእንሰቱ ውስጥ አገኘናት፤ አንድ ዓይንዋን ጨፈን አድርጋ በዳነው ዓይንዋ ስታየን መጀመሪያ ያወቀችው ልጄን ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ በጌዴኦኛ፥ በእንግዳው ፊት ስላልሁት ነገር አነሣሁባት። ጥቂት ዝም አለችና፥ «አንቱ ስትል ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ፍልፈሉን ጠየቅኋት፤ እርሱስ አለ፥ ሁለት እንሰት ጣለብኝ አለች፤ ወስዳም አሳየችኝ።

የግራ ዓይንዋን ቀጠሮ አሳድሰን ለሚመጣው ወር ይዘንላታል። ትመጪያለሽን ብላት ለእኔ አልመለሰችልኝም፤ ወደ ልጄ ዞር ብላ ያቺ የወጥ ቤት ልጅ የእናትዋን በደል ደረሰችበትን ብላ ጠየቀቻት። ልጄም አያትዋ ከሄደች ወዲህ አንድም እንዳላየች፥ በ31ኛው ክፍል እንደ ቆመች፥ 23 ክፍልም እንደሚቀራቸው ነገረቻት።