ያልታየውም ይመዝገብ፦ «አልተገኘም» በጋማ ጨረር ፍንዳታ ምርምር ውስጥ ያለው ዋጋ

የጋማ ጨረር ፍንዳታ በሕዋ ውስጥ ከሚታወቁት ፍንዳታዎች ሁሉ እጅግ ብሩህ፣ በቆይታው ግን እጅግ አጭር ከሆኑት አንዱ ነው። አጭር የሚባለው ዓይነት ከ2 ሰከንድ በታች ይቆያል፤ ረጅሙም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም። ጋማ ጨረር የምድርን ከባቢ አየር ዘልቆ መሬት ስለማይደርስ ፍንዳታውን በቅድሚያ የሚያውቁት በሕዋ ላይ ያሉ ሳተላይቶች ናቸው። ፍንዳታው ከከሰመ በኋላ ግን ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት የተወረወረው ቁስ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር እየተላተመ በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ ሞገድ የሚስተዋል፣ ከሰዓት ወደ ሰዓት የሚደበዝዝ ቅሪት ብርሃን ይተዋል። የፍንዳታው ርቀት፣ የኃይሉ መጠንና የመነሻው ምንነት በዋናነት የሚታወቁት ከዚህ ቅሪት ብርሃን ነው።

ቅሪት ብርሃኑን ፍለጋ ወደ ሰማይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ሁሉ ግን አያገኘውም። ደመና፣ የጨረቃ ድምቀት፣ የቦታ መረጃው አለመጥራት፣ የብርሃኑ ፈጥኖ መደብዘዝ፣ አንዳንድ ጊዜም የፍንዳታው የራሱ ባሕርይ ፈላጊውን ባዶ እጁን ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ፍለጋ «ውጤት አልባ» ተብሎ በተመልካቹ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህን አስተሳሰብ ነው። በአግባቡ የተለካ «አልተገኘም» ራሱን የቻለ የምርምር ውጤት ነው፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎችም እንደ ውጤት ሊያስተምሩት፣ ሊመዝኑትና ሊያሳትሙት ይገባል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባዶ ምስል የወለደው ግኝት

ለዚህ ሙግት ቀዳሚው ምስክር የዘርፉ የራሱ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ፍንዳታ ጁላይ 2 ቀን 1967 የተመዘገበው የኑክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት መከበሩን ለመከታተል በተመጠቁት የአሜሪካ ቬላ ሳተላይቶች ነበር። ሬይ ክሌብሳደል፣ ኢያን ስትሮንግና ሮይ ኦልሰን በ1973 የ16 ፍንዳታዎችን ዘገባ ሲያሳትሙ፣ የጨረሩ ምንጭ ምድርም ፀሐይም አለመሆኑን አሳዩ። ምንጩ የት እንደሆነ ግን አልታወቀም። በ1991 የመጠቀው የኮምፕተን ጋማ ጨረር ኦብዘርቫቶሪ ፍንዳታዎቹ ከሰማይ ሁሉም አቅጣጫ በእኩል እንደሚመጡ ቢያረጋግጥም፣ ክርክሩ አልተቋጨም። በ1995 በዋሽንግተን በተካሄደው ይፋዊ ክርክር ቦህዳን ፓቺንስኪ ምንጮቹ በሩቅ ጋላክሲዎች ውስጥ ናቸው ሲል፣ ዶናልድ ላም ደግሞ በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ ናቸው ሲል ተከራክሯል። ሁለቱም ወገኖች የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የአንዲት ፍንዳታ እንኳ ትክክለኛ ርቀት ነው።

የመፍትሔው በር የተከፈተው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ነው። ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት በዚያ ዕለት አንድ ፍንዳታ መዝግቦ፣ ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ የኤክስሬይ መሣሪያዎቹን ወደ ቦታው አዞረ። በላ ፓልማ ደሴት የሚገኘው የዊሊያም ኸርሸል ቴሌስኮፕም 21 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ያንኑ የሰማይ ክፍል ፎቶግራፍ አነሳ። ምስሉን የመረመረው በያን ፋን ፓራዳይስ የተመራ ቡድን ነበር፤ ፓውል ግሮትና ቲቱስ ጋላማ የተባሉ ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎችም ነበሩበት። በምስሉ ላይ ከታዩት የብርሃን ነጥቦች መካከል ቅሪት ብርሃኑ የትኛው እንደሆነ ያ ምስል ብቻውን ሊናገር አይችልም ነበር። ቁልፉ የተገኘው ማርች 8 ቀን ከተነሳው ሌላ ምስል ነው። በመጀመሪያው ላይ በ21.3 ማግኒቲዩድ ይታይ የነበረው ነጥብ በሁለተኛው ላይ እስከ 23.6 ማግኒቲዩድ ድረስ ተፈልጎ አልተገኘም። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ስለሚደበዝዝ፣ ነጥቡ በስምንት ቀን ውስጥ ከስምንት እጥፍ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። በዚሁ ዓመት ሜይ 8 ቀን የተከሰተው የሌላ ፍንዳታ ርቀት በኬክ ቴሌስኮፕ ሲለካ፣ በቢሊዮኖች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያውን የሚታይ ቅሪት ብርሃን ማንነት የገለጠው እንግዲህ ነጥቡ የጠፋበት ምስል ነው። ያ ሁለተኛ ምስል «ምንም አላሳየም» ተብሎ ቢጣል ኖሮ የመጀመሪያው ምስል ከብዙ ከዋክብት አንዱን እንደያዘ ይቀር ነበር።

ጨለማው የተናገረው

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዓመታትም ያንኑ ትምህርት ደጋግመዋል። ኤፕሪል 23 ቀን 2009 ስዊፍት የተባለው ሳተላይት የመዘገበው ፍንዳታ የኤክስሬይ ቅሪት ብርሃን ነበረው። በሳተላይቱ ላይ ያለው የአልትራቫዮሌትና የሚታይ ብርሃን ቴሌስኮፕ ግን ምንም አላየም። በሃዋይ የሚገኝ የታሕተ ቀይ ቴሌስኮፕ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ብርሃኑን አገኘው። ለተመራማሪዎቹ ወሳኝ የሆነው የሁለቱ ምልከታዎች ጥምረት ነው። አንድ ቅሪት ብርሃን በሚታይ ብርሃን የማይገኘው በአቧራ ስለተጋረደ ወይም እጅግ ሩቅ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ በጣም ሩቅ ሲሆን በመካከል ያለው ሃይድሮጅን አጭሩን የሞገድ ርዝመት ውጦ ረጅሙን ብቻ ያሳልፋል። በየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደታየና ከየትኛው በታች እንደጠፋ በቁጥር ሲታወቅ ሁለቱን መለየት ይቻላል። የዚህኛው የቀይ ሽግሽግ 8.2 ገደማ ሆኖ ተለካ፤ ብርሃኑ ጉዞውን የጀመረው ዩኒቨርስ 630 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ላይ ሳለ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ጁን 14 ቀን 2006 የተከሰተው ፍንዳታ ነው። ቆይታው 100 ሰከንድ ያህል ስለነበረ በጊዜው በነበረው ግንዛቤ ከግዙፍ ኮከብ ሞት የመጣ መሆን ነበረበት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሱፐርኖቫ ይጠበቅ ነበር። ፍንዳታው በንጽጽር ቅርብ ስለነበር ሱፐርኖቫው ቢኖር ኖሮ አያመልጥም። ሆኖም አልተገኘም፤ ቀደም ሲል ከእንዲህ ያሉ ፍንዳታዎች ጋር ከታየው ሱፐርኖቫ ከ100 እጥፍ በላይ ደብዛዛ የሆነ እንኳ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ይህን ባዶነት ደብቀው አላስቀሩትም፤ አሳተሙት። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 2021፣ ሌላ ረጅም ፍንዳታ ኪሎኖቫ አስከትሎ ተገኘ። ኪሎኖቫ የኒውትሮን ከዋክብት ሲዋሃዱ የሚወጣ ብርሃን ነው። የ2006ቱ ባዶ ፍለጋ በዚህ ጊዜ የአዲስ ዓይነት ፍንዳታ ቀዳሚ ምልክት ሆኖ እንደገና ተነበበ።

ሦስተኛው የኦገስት 17 ቀን 2017 ክስተት ነው። የስበት ሞገድ ከተመዘገበ 1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ ሳተላይት አጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዘገበ፤ በ11 ሰዓት ገደማ ውስጥም 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ የሚታይ ብርሃኑ ተገኘ። ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ኦብዘርቫቶሪ በሁለተኛው ቀን ሲመለከት ኤክስሬይ አላገኘም፤ በዘጠነኛው ቀን ግን አገኘ። የቁሱ ጅረት በቀጥታ ወደ ምድር ያነጣጠረ ቢሆን ኤክስሬዩ ገና ከጅምሩ ደምቆ ከዚያ በደበዘዘ ነበር። ዘግይቶ መምጣቱ ጅረቱ ወደ ጎን ያዘነበለ መሆኑን አመለከተ። የሁለተኛው ቀን ባዶነት ባይመዘገብ ኖሮ የዘጠነኛው ቀን ብርሃን የትርጉሙን ግማሽ ባጣ ነበር።

«አላየሁም» እና «እስከዚህ ድረስ የለም»

እነዚህ ምሳሌዎች የሚያስከብሩት ግን ማንኛውንም ባዶ ምስል አይደለም። «አላየሁም» የሚለው ቃል ስለ ተመልካቹ ይናገራል፤ «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ማጣሪያ፣ እስከዚህ ማግኒቲዩድ ድረስ የለም» የሚለው ግን ስለ ሰማዩ ይናገራል። ሁለተኛው የብሩህነት ጣሪያ ያስቀምጣል፤ ፍንዳታውን የሚያብራራ ማንኛውም ሞዴል ከዚያ ጣሪያ በላይ መውጣት አይችልም።

ጣሪያው ትርጉም እንዲኖረው በቅድሚያ ጊዜው በትክክል ሊታወቅ ይገባል። የብዙ ቅሪት ብርሃኖች ድምቀት ከጊዜው ጋር በግርድፉ በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በ1ኛው ደቂቃ የነበረው ድምቀት በ1 ሰዓት ውስጥ 60 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 4.4 ማግኒቲዩድ ይቀንሳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ 1,440 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 7.9 ማግኒቲዩድ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ ቴሌስኮፕ በ5ኛው ደቂቃ ያስቀመጠው ጣሪያ ግዙፍ ቴሌስኮፕ በማግስቱ ከሚያስቀምጠው ይልቅ ሞዴሉን አጥብቆ ሊይዘው ይችላል። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች እዚህ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወሩ 24ኛ ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተነሳ ምስል በዓለም አቀፉ ሰዓት የ23ኛው ቀን 22፡00 ነው፤ ፍንዳታውም የሚሰየመው በ23ኛው ቀን ነው። በሰዓት አቆጣጠር የተሳሳተ ዘገባ ከአለመዘገብ የከፋ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተሸፈነው የሰማይ ስፋት ነው። ስዊፍት ቦታውን በጠባብ ክበብ ሲጠቁም፣ የፌርሚ የፍንዳታ መቆጣጠሪያ ብቻውን ሲያገኘው የስህተት ክበቡ ብዙ ዲግሪዎች ይሰፋል። ሬዲየሱ 5 ዲግሪ የሆነ ክበብ 78 ካሬ ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የእይታ መስኩ በእያንዳንዱ ጎን ሩብ ዲግሪ የሆነ ቴሌስኮፕ ይህን ለመሸፈን ከ1,250 በላይ ምስሎች ያስፈልጉታል። ስለዚህ «አልተገኘም» ያለ ተመልካች ከክበቡ ስንት በመቶውን እንደሸፈነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም። በመጨረሻም ጣሪያው በታወቁ ከዋክብት የተመዘነና በስንት የስታቲስቲክስ እርግጠኝነት እንደተቀመጠ የሚገልጽ መሆን አለበት።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ባዶ ውጤት ሁሉ ከታተመ መጽሔቶች በእንክርዳድ ይሞላሉ የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መልሱ ግን መመዘኛውን ማጥበቅ እንጂ በሩን መዝጋት አይደለም። ጂሲኤን የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ መረብ ይህን በተግባር አሳይቷል። በመረቡ ከተሰራጩት ከ30 ሺህ በላይ አጫጭር ዘገባዎች መካከል ብዙዎቹ የብሩህነት ጣሪያ ብቻ የያዙ ናቸው፤ በጥቂት መስመር ተጽፈው ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ይሆናሉ። «ዝም አይነቅዝም» ቢባልም በዚህ ዘርፍ ዝምታ ይነቅዛል፤ ያልተነገረ ባዶ ፍለጋ ሌላው ተመልካች ያንኑ ቦታ በከንቱ እንዲደግም ያደርገዋል፤ የተገኙት ብቻ ሲቆጠሩም የፍንዳታዎቹ ጠቅላላ ስዕል ወደ ብሩሆቹ ያዘነብላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተማሪው ምንም ሳያገኝ መመረቁ የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል የሚለው ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ደማቅ ነጥብ ያገኘ ተማሪ ነጥቡን አመልክቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ባዶ ምስል የያዘው ግን የመሣሪያውን ትብነት፣ የሰማዩን ጥራትና የስሌቱን እርግጠኝነት አንድ በአንድ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ተማሪውን በግኝቱ መመዘን ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ በጫጫታው ውስጥ ያልነበረ ብርሃን እንዲያይ ይገፋፋዋል።

የእንጦጦ ዕድል

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ከሞላ ጎደል ይታየዋል። ሌሊቱም በላ ፓልማ ካሉት ትልልቅ ቴሌስኮፖች በአማካይ ወደ 4 ሰዓት ቀድሞ ይገባል። በዚያ የጊዜ ክፍተት ለሚከሰት ፍንዳታ ቀድሞ የተነሳ አንድ ምስል ዋጋ አለው።

እንቅፋቶቹም ግልጽ ናቸው። ክረምቱ ሰማዩን ለወራት ይዘጋዋል፤ የአዲስ አበባ መብራትም ደብዛዛውን ኮከብ ይጋርዳል። እነዚህ ሁለቱ በአንድነት ሲታዩ ከዚያ የሚካሄዱ ፍለጋዎች ብዙዎቹ በባዶ ምስል እንደሚያልቁ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። የተለካ ባዶነት እንደ ውጤት ካልተቆጠረ እንዲህ ያለው መርሐ ግብር በጥቂት ወራት ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ይቆማል። ከተቆጠረ ግን እያንዳንዱ ጥርት ያለ ሌሊት አንድ ቁጥር ለዓለም ያበረክታል።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች ሦስት ነገሮችን ቢፈጽሙ ተገቢ ነው። አንደኛ፣ የብሩህነት ጣሪያ አሰላል በምልከታ ሥነ ፈለክ ኮርስ ውስጥ ራሱን የቻለ የተግባር ልምምድ ይሁን። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎች «ምን ተገኘ?» ከማለታቸው በፊት «ፍለጋው ምን ያህል ጥልቅ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ የምርምር መጽሔቶች ሰዓቱን፣ ማጣሪያውን፣ ስፋቱንና ጣሪያውን አሟልቶ ለያዘ ባዶ ፍለጋ አንድ ገጽ ይፍቀዱ። ሦስቱም አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ በጀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የመመዘኛ ለውጥ ነው።