ጓንግ ሲጎድል



ክረምቱ አልፎ የመተማ ጭቃ ሲደርቅ፣ ሰሊጡም ታጭዶ ነዶው በየማሳው ቆሞ ፀሐይ ሲጠብቅ፣ ቤተሰባችን አንዲት የቆየች ልማድ አለችው። ልጆቹ ትምህርት በሌላቸው ቀን ሱብሒን ሰግደን፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ቂጣ በፌስታል ይዘን ወደ ጓንግ ወንዝ እንወርዳለን። ባጃጅ እስከሚያደርሰን ሄደን የቀረውን በእግራችን ነው። የምንሄደው ዓሣ ለማጥመድ ወይም ልብስ ለማጠብ አይደለም፤ ወፍ ለማየት ነው። «ወፍ ለማየት?» ብሎ ያልሳቀብን ጎረቤት የለም። እውነታቸውን ነው፤ ወፍ በግቢያችንም ሞልቷል። ነገር ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በወንዙ ዳር የሚታየው ሌላ ነው። በዚህ ወር እሱን ልናጫውታችሁ አሰብን። ያስደነገጠን አንድ ነገርም ስላለ እሱንም እንነግራችኋለን።

ጓንግ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላችን ይወርድና ድንበሩን ሲሻገር ስሙ አትባራ ይሆናል። ሄዶ ሄዶም አትባራ በተባለችው የሱዳን ከተማ ዓባይን ይቀላቀላል። ዓባይ ከዚያ ወዲያ ሜዲትራኒያን ባሕር እስኪገባ ሌላ ገባር ወንዝ አያገኝም። በሐምሌና በነሐሴ ጓንግ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ሲያገሣ ያየ ሰው፣ በመጋቢት ልጆች በአሸዋው ላይ ኳስ ሲጫወቱ ቢያይ ያው ወንዝ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1861 በታችኛው አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ወንዙ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዓሣው፣ አዞው፣ ጉማሬው ሁሉ በየኩሬው ታጭቆ። ከዚያም በሰኔ ወር አንድ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ቀሰቀሳቸው። እነሱ ዘንድ አንድ ጠብታ ሳይጥል የእኛ ደጋ ዝናብ ደርሶባቸው ነበር። ሰውየው በማግሥቱ ዓመት በገላባት በኩል አልፏል፤ ያኔ ገላባትና መተማ አንድ ነበሩ።

መፀው ማለት እንግዲህ በጎርፉና በአሸዋው መካከል ያለችው ጊዜ ናት። ውኃው ይጠራል፣ ይዘገያል፤ ዳር ዳሩ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ለውኃ ወፍ ከዚህ የተሻለ ገበታ የለም። ልጆቻችንን በመጀመሪያ ያስተማርናቸው የወፍ ስም አይደለም፤ አፏንና እግሯን ማየት ነው። እግሯ ረጅም ከሆነ ጠለቅ ብላ ትቆማለች፤ አጭር ከሆነ ከዳሩ አትርቅም። አፏ እንደ ጦር ቀጥ ያለና የሾለ ከሆነ ዓሣና እንቁራሪት ወጊ ናት። ቀጭንና ለስላሳ ከሆነ በጭቃው ውስጥ ትል ትፈልጋለች። ሰፋና ጠፍጠፍ ካለ እንደ ዳክዬ ውኃውን እያጣራች የምትመገብ ናት። ይህን ያወቀ ልጅ ስሟን ባያውቅም ምን እንደምትበላና የት እንደምትቆም ይነግራችኋል።

ሳቢሳ ለምሳሌ አንዴ ከቆመች እንደ ችካል ናት። ልጆቹ «ሞታለች መሰል» እስኪሉ ድረስ አትነቃነቅም፤ ድንገት አንገቷ ሲወረወር ዓሣው በአፏ ነው። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ዓሣ አዳኝ ወፍ ደግሞ ትዕግሥት የላትም፤ አየር ላይ በአንድ ቦታ ክንፏን እያርገበገበች ትንጠለጠልና ራሷን ወደ ታች አድርጋ ትወድቃለች። ቡናማዋ፣ ራሷ ከኋላ በኩል እንደ መዶሻ የወጣው ወፍ ትንሽ ሆና ሳለ በዛፍ ላይ የምትሠራው ጎጆ ሰው የሚሸከም ይመስላል። ጭቃው ዳር ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትሮጠዋ ትንሽ ወፍ የአውሮፓና የእስያ እንግዳ ናት፤ ጫጩቶቿን እዚያ አሳድጋ እኛ ዘንድ ትከርማለች። አባ ኮዳን የማያውቅ የለም። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት፣ አረማመዱ እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ። ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ ስለማይጠፋ ሰው ይጸየፈዋል። እኛ ግን ከተማችን ያለ እሱ ምን ትሸት እንደነበር እናስባለን።

የመፀው ትልቁ ነገር ነጯ ሽመላ ናት። ክንፏ ጫፉ ጥቁር፣ አፏና እግሯ ቀይ ነው። አንዳንድ ዓመት በጥቅምት መቶዎች ሆነው ከፍ ብለው ሲዞሩ ይታያሉ፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጥቂት ብቻ። ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥተው በቱርክ፣ በሻም፣ በሲናና በግብፅ አድርገው ሱዳን ይደርሳሉ። እዚያ ሳርና ማሳው ላይ አንበጣና ፌንጣ እየለቀሙ ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ብዙዎቹ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃሉ። ሜዲትራኒያንን በቀጥታ የማይሻገሩት ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ስለሆነ ነው፤ በባሕር ላይ ያ አየር አይገኝም። ቱርኮች ወደ ደቡብ ስትሄድ እያዩ «ሐጂ ሽመላ» ይሏታል፤ መካ ደርሳ የምትመለስ መስሏቸው። በቡርሳ ከተማም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክንፋቸው የተሰበረ ሽመላዎች የሚጠለሉበት ቤት ነበር።

አውሮፓውያን ግን ክረምታቸው ሲገባ ወፎቻቸው ወዴት እንደሚሄዱ ለረጅም ዘመን አያውቁም ነበር። አንዳንዶቹ በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ይከርማሉ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን አገር አንዲት ሽመላ ተመትታ ስትወድቅ አንገቷ ውስጥ የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ተገኘ፤ ርዝመቱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ያን ይዛ በርራ አገሯ ገብታለች! ደርቃ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አለች። ልጆቻችን ይህን ታሪክ በየዓመቱ ካልነገራችሁን ይላሉ።

ነጯ ስትመጣ የምትሄድ ሌላ ሽመላ አለች፤ አነስ ያለች፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ። ሱዳኖች «ሲምቢሪያ» ይሏታል። ዝናብን ይዛ ትመጣለች ብለው ስለሚያምኑ ጎጆዋን በቤታቸው ጣሪያ ላይ ብትሠራ አይነኳትም። እንቁላሏን በዝናቡ ወራት ጥላ፣ ልጆቿን አሳድጋ፣ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ደቡብ ትጓዛለች። ፈረንጆች የሰጧት ስም ደግሞ የዶንጎላ ገዥ ከነበረው ከአብዲም ቤይ የተወሰደ ነው፤ ሩፔል የተባለውን ጀርመናዊ አሳሽ በሱዳን ጉዞው ረድቶት ነበርና። ሩፔል ኋላ ጎንደር ድረስ መጥቷል።

ወፍ ማየት ወጪ የለውም። ማልዶ መሄድ፣ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ ደማቅ ልብስ አለመልበስ፣ ቁጭ ብሎ ዝም ማለት ነው። ለልጆች የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ለአዋቂም ያው ነው። አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያዩትን ወፍ መልክና ቁጥር መጻፍ። እግሯ ላይ የብረት ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ካገኛችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን የመሰለ ተቋም ከየት እንደመጣች ለማወቅ ይጠቅመዋል። አጉሊ መነጽር ግን ከእኛ ከተማ አይመከርም። የድንበር ሰው ሆናችሁ መነጽር አንግታችሁ ወደ ማዶ ብታዩ ሽመላ እያየሁ ነው ብላችሁ ማንን ታሳምናላችሁ? በተለይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ጓዙን ተሸክሞ በድልድዩ መግባት ከጀመረ ወዲህ ወደ ማዶ አፍጥጦ ማየት ያሳፍራልም። ራቅ ወዳለ ቦታም ያለ አገሬው ምክር አንሄድም።

አብሮን ከሚመጣው መካከል የእህታችን ልጅ አለ። ሲጀምር አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ወንጭፍ አለ፤ አነጣጣሪ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሳቢሳ ክንፏን መታት። አልሞተችም፤ ክንፏን እየጎተተች ሸምበቆ ውስጥ ገባች፤ ፈልገን አጣናት። አልተቆጣነውም። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ወፍ አስረው ዒላማ ሲለማመዱባት ስላገኟቸው ወጣቶች፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግን ሰው እንደረገሙም ነገርነው፤ በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ያለ ነው። ልጁ መልስ አልሰጠም። በሚቀጥለው ሳምንት ወንጭፉን ይዞ መጣ፤ አልወነጨፈም እንጂ። በሦስተኛው ደብተሩን አንሥቶ «እኔ ልቁጠር» አለ።

አሁን ወደዚያ ወደ አስደነገጠን ነገር እንምጣ። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ጠዋት በር ላይ ዓሣ ሻጭ መጣና ትላልቅ ዓሣ በርካሽ ሰጠን፤ ማታ ልንጠብሰው ሳፋ ውስጥ አድርገን ወደ ወንዝ ወረድን። ጓንግ በሚታጠፍበት አንድ ገባ ያለ ጥግ፣ ውኃው መቆም የጀመረበት፣ ሁልጊዜ ሳቢሳ የማይጠፋበት ኩሬ አለ። ስንደርስ ዝም ብሏል። የምትጮኽ እንኳ የለችም። ትናንሽ ዓሣዎች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። ዳሩ ላይ ሁለት ነጫጭ ሳቢሳዎች፣ ትንሽ ራቅ ብሎም አንድ አባ ኮዳ ወድቀዋል። አባ ኮዳ ምንም በልቶ የማይታመም ይመስለን ነበር። ልጁ ከሸምበቆው ሥር ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘ፤ ለሰሊጥ ተባይ የሚረጨው መድኃኒት ነበር፤ እንዳይነካው ጮኽንበት።

የሆነው ግልጽ ነው። ድሮ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ብርብራ ወቅጦ ይበትን ነበር፤ ዓሣው ሲደነዝዝ ይለቅማል። እሱም ቢሆን ትልቁንም ትንሹንም ስለሚፈጅ ጥሩ አልነበረም። አሁን ግን ወቅጦ መድከም ቀርቷል፤ ጠርሙስ መክፈት ይበቃል። ትላልቁ ዓሣ ተለቅሞ ወደ ገበያ ሄደ፤ ትናንሹ ለወፎቹ ቀረ። ትላልቁ ደግሞ እኛ ቤት ሳፋ ውስጥ ነበር።

እንዴት እንደተመለስን አናውቅም። ባጃጅ እስክናገኝ ሮጥን። ቤት ስንደርስ አያት ዓሣውን አጥበው፣ ጨው ነስንሰው፣ ዘይት ጥደው ነበር። ነገርናቸው። «ዓሣ መታረድ አያሻውም፤ ሙቱም ሐላል ነው» አሉን። እውነት ነው፤ ዓሣው ሐላል ነው፣ መርዙ ነው እንጂ! «ደግሞስ እሳት ያየው ነገር ምን ይሆናል?» አሉ። እሳት መርዙን ሁሉ ያጠፋዋል ብሎ ማመን እንደማይቻል ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብን፤ ገንዘብ የወጣበትን ምግብ መጣል ቀላል አይደለም። መጨረሻ ላይ ያሳመናቸው የእኛ ክርክር አልነበረም። ልጁ ስለ አባ ኮዳው ሲነግራቸው ነው። «አባ ኮዳ? አባ ኮዳ ሞተ?» ብለው ድስቱን አወረዱ። ጉድጓድ ቆፍረን፣ ዶሮና ድመት እንዳያወጣው ድንጋይ ጫንበት። ሻጩን በየሰፈሩ ፈልገን ማታ አገኘነው። እሱም ከሌላ ሰው ገዝቶ ኖሯል፤ ከቀረው ለገዛ ልጆቹ ሊወስድ አስቀምጦ ነበር።

እንዲህ ያለ ዓሣ የበላ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ወተት እያጠጡ መጠበቅ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ጠርሙሱ ከተገኘ፣ እጅን በፌስታል ጠቅልሎ በማንሣት ስሙ እንዲነበብ ይዞ መሄድ ሐኪሙን ይረዳዋል። ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ከሆነ እረኞቹን መንገር ይቅደም።

በዚሁ በመተማ ቆላ በሽንፋ ወንዝ አጠገብ የተቆፈረ አንድ የጥንት ሰፈር አለ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ከ74,000 ዓመት በፊት፣ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ እዚህ ድረስ በደረሰበት ጊዜ፣ ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። በጋው ሲረዝምባቸውና ወንዙ ወደ ኩሬ ሲቆራረጥ፣ በየኩሬው የታጎረውን ዓሣ ከፊቱ አብዝተው እየበሉ ቆዩ። እኛ ያን ቀን በቆምንበት ዓይነት ኩሬ ዳር ማለት ነው።

ያ ጥግ በማግሥቱ ዓመት ጎርፉ አጥቦት እንደገና ውኃ ቋጠረ። ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ደብተሩ ግን አሁንም በእሱ እጅ ነው። ባለፈው ኅዳር እዚያው ኩሬ ላይ የጻፈው ይህ ነው፦ ነጭ ሳቢሳ 6፣ ዝንጉርጉሯ ዓሣ አዳኝ 2፣ ጅራቷን የምትነቀንቀው 3፣ መዶሻ ራሷ 1፣ ነጭ ሽመላ በሰማይ ብዙ፣ አልተቆጠረም። አባ ኮዳ የለም።