የተረሳችው መምህርት

በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ የሴት ስም የማይሰማው ስለ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙዎች «ከሴቶች ወገን ፈላስፋ ስላልተነሣ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ሳይመረምሩ የሚናገሩ ሰዎች መልስ ነው። መጻሕፍትን ገልጦ ያየ ሰው፥ የሴት ትምህርት በወንድ ስም በተጠራ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ያገኛል።

የቂሣርያው ባስልዮስና የኑሲሱ ጎርጎርዮስ በሊቃውንት ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው። ታላቅ እኅታቸውን ማክሪናን የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። ጎርጎርዮስ በጻፈው የሕይወቷ ታሪክ እንደሚመሰክረው፥ ባስልዮስ የንግግርን ጥበብ ተምሮ ልቡ ታብዮ በተመለሰ ጊዜ፥ ከከንቱ ውዳሴ መልሳ ወደ እውነተኛው ፍልስፍና የመራችው እርስዋ ናት። ታናሽ ወንድማቸውን ጴጥሮስንም አሳድጋ አስተማረችው። ባስልዮስ ግን እስከ ዛሬ በተረፉት ጽሑፎቹ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣም።

ባስልዮስ ከሞተ በኋላ ጎርጎርዮስ በኀዘን ተሰብሮ ወደ እርስዋ ሄደ፤ እርስዋም በዚያ ጊዜ ለሞት በሚያደርስ ደዌ ተኝታ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ379 ዓመተ ምሕረት ዐረፈች። «ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ» በተባለው መጽሐፉ፥ ጎርጎርዮስ የተጠራጣሪዎችን ክርክር ይዞ፥ የማትታይ ነፍስ መኖርዋ በምን እንደሚታወቅ ይጠይቃታል። ማክሪናም አጠገቧ ያለውን ሐኪም ምሳሌ አድርጋ ትመልሳለች። ሐኪም ጣቱን በደም ሥር ላይ አኑሮ የተሰወረውን ደዌ ያውቃል፤ የሚዳስሰው ጣቱ ነው፥ የሚያስተውለው ግን ልቡናው ነው። ጎርጎርዮስ በዚያ መጽሐፍ «መምህርት» እያለ ይጠራታል።

«ቃሉን የጻፈው ጎርጎርዮስ ነውና ሐሳቡም የእርሱ ነው» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ጎርጎርዮስ ነገሩን በራሱ ብዕር እንዳሰናዳው አይካድም። ዳሩ ግን ሶቅራጥስም የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይተው ሞቷል፤ ትምህርቱ የታወቀው አፍላጦንን የመሰሉ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ጻፉለት ነው። በዚህ ምክንያት ሶቅራጥስን ከፈላስፎች ቍጥር ያወጣው ማን ነው? ለወንዱ የበቃው ምስክር ለሴቲቱ አይበቃም ማለት፥ በሁለት ሚዛን መመዘን ነው።

ከዚህ ዝምታ የተነሣ የሚጐዳው ሕያው ሰው ነው። ፍልስፍና የወንድ ርስት ነው ሲባል እየሰማች በትምህርት ቤት የተቀመጠች ልጅ፥ ጥያቄዋን በልቧ ይዛ ትቀራለች። እንግዲህ የባስልዮስንና የጎርጎርዮስን ስም የሚጠራ መምህር ሁሉ፥ የማክሪናንም ስም ከእነርሱ ጋር ይጥራ። ወንድሟ ራሱ መምህርት ብሎ የጻፈላትን፥ ከእርሱ የተማሩ ሊክዷት አይገባም።