ለዕይታ የማይቀርበው የሙዚየም ዕቃ

ለንደን የሚገኘውን ብሪቲሽ ሙዚየም በየዓመቱ ሚሊዮኖች ይጎበኙታል። ጎብኚው የግብፅ ሐውልት አይቶ፣ የግሪክ እብነ በረድ አድንቆ ይወጣል። በዚያው ግቢ ዕቃ ቤት ውስጥ ያሉትን 11 የኢትዮጵያ ታቦታት ግን አያይም። ጎብኚው ብቻ ሳይሆን የሙዚየሙ አጥኚዎችና የበላይ ጠባቂ ቦርድ አባላትም አያዩአቸውም። ፎቶግራፍ አይነሱም፤ ለምርምር አይገለጡም። እንዲያይ የሚፈቀድለት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህን ብቻ ነው።

ሙዚየሙ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥርዓት ማክበሩ ያስመሰግነዋል። ችግሩ ከምስጋናው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሙዚየም ዕቃ የሚይዘው ሊያሳይ፣ ሊያጠና፣ ሊያስተምርበት ነው። ሦስቱም የተከለከሉበትን ነገር ምን ይሁነኝ ብሎ ነው የሚጠብቀው?

የታሪኩ መነሻ መቅደላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን ሲያጠፉ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን በረበረ። የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ጽዋ፣ ዘውድ፣ ታቦት ሳይቀር ተጋዘ። የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከዋናዎቹ ተጫራቾች አንዱ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ ከዘመቻው ጋር የተላከ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ። ሙዚየሙ ዕቃው እንዴት እንደመጣ አላውቅም ሊል አይችልም፤ ሰውየው ጨረታው ላይ ቆሞ ነበር።

ያኔም ቢሆን ነገሩ ያሳፈራቸው እንግሊዛውያን ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በሦስተኛው ዓመት ፓርላማ ውስጥ ተነሥተው፣ እነዚህ ዕቃዎች ከአገራቸው መውጣታቸው እንደሚያሳዝናቸውና ለምን እንደተወሰዱም እንደማይገባቸው ተናግረዋል።

በ1872 ደግሞ (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ጠየቁ። ሙዚየሙ ከነበሩት ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ለካ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል!

ዛሬ ሙዚየሙ የሚያነሣው ምክንያት ሕግ ነው። የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም አዋጅ ከስብስቡ ዕቃ ማውጣትን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ያው አዋጅ ጠባብ በር ትቷል፤ ለስብስቡ የማይስማማና ቢወጣ የአጥኚዎችን ጥቅም የማይጎዳ ዕቃ በቦርዱ ውሳኔ ሊወጣ ይችላል። ማንም አጥኚ እንዳይነካው በራሱ በሙዚየሙ የታገደ ታቦት በዚህ በር ካላለፈ፣ በሩ ለማን ተሠራ?

በአማራጭነት የሚነገረው ውሰት ነው። ለቤተ ክርስቲያኒቱ በረጅም ጊዜ ውሰት ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ለሙዚየሙ ሰዎች መልካም መውጫ ሊመስል ይችላል። ለምእመኑ ግን ታቦት ያለ እርሱ ቅዳሴ የማይቀደስ፣ በጥምቀት በካህናት ራስ ላይ ሆኖ ሲወጣ ሕዝብ በእልልታ የሚሰግድለት ነው። በውሰት ወረቀት ፈርመው የሚረከቡት፣ ቀኑ ሲደርስ የሚመልሱት ነገር አይደለም።

ይህ አዋጅ የማይመለከታቸው ተቋማት ቀድመው ተንቀሳቅሰዋል። በኤድንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ2002 ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ነቅሎ ወጥቶ ተቀብሎታል። ዌስትሚንስተር አቢም በ2024 በእጁ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን አስታውቋል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን ለራሳቸው የሚያቀርቡት ጥያቄም አለ። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካከማቹት ንብረት ብዙው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዱት ነበር። ሲመለስስ ወዴት ይግባ? አዲስ አበባ ሙዚየም፣ መቅደላ ወይስ ጎንደር? ለዘውድና ለብራና መከራከር ይቻላል። ታቦት ግን ስሙ የተቀረጸለት ቅዱስና የተሰየመለት ደብር አለው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ከሕጉ ክርክር ይልቅ ቀላል ነው፦ ከኢትዮጵያ ካህናት ተልከው፣ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶላቸው፣ መጎናጸፊያውን ገልጠው በእያንዳንዱ ጽላት ላይ ያለውን ስም እንዲያነቡ ማድረግ። ከዚያ ወዲያ መዝገብ እያገላበጡ ደብሩን መፈለግ የነሱ ፈንታ ይሆናል።